መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ኦሜፕራዞል

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እስከ መርካቶ፣ ጨጓራው የተነሳበት ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፋርማሲ ነው። ኦሜፕራዞል ያለ ምርመራ ይገዛል፤ ሲሻለው ይተወዋል፤ ሕመሙ ሲመለስ በርበሬና ቡናን ይከሳል።

መድኃኒቱን እየኮነንኩ አይደለም። ኦሜፕራዞል በላብራቶሪ የተሠራ ውህድ ነው፤ አሲድ የሚያመነጨውን ፓምፕ ስለሚዘጋ ቁስሉ ፋታ ያገኛል። ባክቴሪያውን ግን ብቻውን አያጠፋም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ኤች ፓይሎሪን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ከዚህ ባክቴሪያ ሌላ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም ጨጓራ ያቆስላሉ።

ባክቴሪያው ከተገኘ ኦሜፕራዞል ከአንቲባዮቲኮች ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። «ተሻለኝ» ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቋረጥ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ማላመድ ነው።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ የሰገራ ምርመራ ማድረግ፣ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ በራስ ፈቃድ የተገዛው ፍሬ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ይደብቃል።

አዲስ መድኃኒት እስኪመጣ ከመጠበቅ በፊት፣ ምርመራው በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ ይገኝ። ፋርማሲስቱም ከመሸጡ በፊት «ተመርምረሃል?» ብሎ ይጠይቅ። ሰገራው የጠቆረ ወይም ደም ያስታወከ ሰው ግን ፋርማሲ ሳይሆን ሆስፒታል ይሂድ፤ ዛሬውኑ።