ሲሸሹ የማይቋጠሩት ኪታቦች

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በኡኬና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች ግጭት ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን አያስፈልገንም። ሰው ሲሸሽ ልጁን ያዝላል፣ ስንቁን ይቋጥራል። አያት በእጃቸው የገለበጡት ኪታብ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። ማንም አይወቀስበትም፤ ነፍስ ትቀድማለች። ጉድለቱ የሚሰማን ረመዳን ገብቶ ለመቅራት ስንነሳ ነው።

ከመካከላችን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ ሰፍረው የመጡ ቤተሰቦች አሉ። በዚያ ችግር እንኳ ኪታቡን ይዞ የመጣ ሰው አለ። በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መንዙማ ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም።

ቅርስ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትና የወለጋ ሙዚየም ነው። ለእነሱ ይብዛም ይነስም የሚጠብቃቸው አለ። የቤታችን ኪታብ ጠባቂ ግን እኛው ነን።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ውቅሮ አጠገብ ያለው የአል ነጃሺ መስጂድ ሲመታ ሁላችንም አዝነናል። ሚናራውና ጉልላቱ ተጎድተዋል። ግንብ ግን ፎቶው አለ፣ ይጠገናል። አንድያ የሆነ ኪታብ ከተቃጠለ በምን ይጠገናል?

በ1954 እ.ኤ.አ. በሄግ የተፈረመውና አገራችንም የተቀበለችው ስምምነት ተዋጊዎች ቅርስን እንዳያጠቁና እንዳይዘርፉ ብቻ ሳይሆን፣ ቅርስ ያለበትን ስፍራ ለውጊያ እንዳይጠቀሙበትም ይከለክላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሽማግሌዎቻችን ከየትኛውም ወገን ታጣቂ ጋር ለእርቅ ሲቀመጡ፣ ጫማ አውልቀን የምንገባበት ቤት ጠመንጃ እንዳይገባበት ቢጠይቁ መልካም ነው እንላለን።

እስከዚያው እጃችን ላይ ያለውን እንሥራ። የማሊዋ ቲምቡክቱ በ2012 እ.ኤ.አ. በታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ፣ እጅግ ብዙ ኪታቦች የተረፉት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ባለኪታብ ቤተሰቦች በሣጥን እየከተቱ በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ ስላሸሿቸው ነው። ወታደር አልነበሩም።

እኛ ደግሞ ስልክ አለን። በዚህ ረመዳን ከዙህር በኋላ፣ ብርሃን ሳለ፣ ልጆች ኪታቡን መስኮት አጠገብ አድርገው ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሱት፤ የስልኩ መብራት ግን አይብራ። እጃቸውን ታጥበው ያድርቁ፤ የዘይት እጅ ያረጀ ወረቀት ይጎዳል፣ ለኢፍጣር ሳምቡሳ ሲጠበስ ደግሞ ማን ዘይት ሳይነካ ይውላል? አንዱ ቅጂ በሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ። ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ፤ ሌባ ረመዳን ነው ብሎ አያርፍም።

ማን እንደገለበጠው፣ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ ደግሞ አያቶች ይጠየቁ፣ ድምፃቸውም ይቀዳ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ከረመዳን ረመዳን እያነሱ ነው።