ልጆቻችን ቤት ያገኙት የት ነው?



አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው እዚህ አሜሪካ ተወልዳ፣ በሰንበት ትምህርት ክፍላችን አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ናት። «ፓስተር፣ ልጄ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትታ የጥቁር ተማሪዎች ማዕከል በሚሉት ቦታ ትውላለች። ምን ላድርግ?» አሉን። እኛም ብዙ ሳናስብ «ዓለማዊ ቦታ ነው፤ ቢያርቋት ይሻላል» ብለን ጸልየን ሸኘናቸው።

ልጅቷ ለገና እረፍት ስትመጣ ግን ራሷን ጠየቅናት። «እዚያ ምን አግኝተሽ ነው?» አልናት። መልሷ አጭር ነበር። «በመጀመሪያው ቀን ስሜ በትክክል እንዴት እንደሚጠራ ጠየቁኝ። የፋፍሳ ቅጽ ሲያስቸግረኝ አብራኝ ተቀምጣ የሞላችልኝ የማዕከሉ ሠራተኛ ናት። ፓስተር፣ እናንተ ‹ጎበዝ ሁኚ› ትሉኛላችሁ፤ እነሱ ‹ምሳ በልተሻል?› ይሉኛል።»

ዝም አልን። ሰው ምግብ መብላቱን መጠየቅ የእኛ ወግ ነበር። ልጃችን ያንን ያገኘችው ከእኛ ዘንድ አልነበረም።

እነዚህን ማዕከላት ብዙዎቻችን ከሩቅ ስለምናያቸው ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጥቁር ተማሪዎች ቀድሞ ለነጮች ብቻ በነበሩ ወይም ጥቂት ጥቁሮችን ብቻ ይቀበሉ በነበሩ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት መግባት ጀመሩ። በሩ ተከፈተላቸው እንጂ ውስጡ አልተዘጋጀላቸውም። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት በ1968 የተጀመረው የተማሪዎች አድማ ወደ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ የጥቁሮችን፣ የእስያውያንን፣ የላቲኖችንና የቀደምት አሜሪካውያንን ታሪክ የሚያስተምር ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አስገኘ። በዬል ዩኒቨርሲቲም የጥቁር ተማሪዎች የባህል ማዕከል በ1969 ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ካምፓሶች ለተለያዩ ማኅበረሰቦች፣ ለስደተኛ ልጆችና ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ኮሌጅ ለገቡ ተማሪዎች ተመሳሳይ ቢሮዎች ተከፈቱ። ሥራቸው በአብዛኛው የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ የጥናት እገዛ፣ የገንዘብ እርዳታ ምክር፣ የሚያዳምጥ ሰው፣ አረፍ የሚባልበት ሶፋ።

አሁን ደግሞ ጊዜው ተለውጧል። በቴክሳስ ከጥር 2024 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያሉ ቢሮዎችን ከልክሏል። የዩታ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት በወጣ የግዛቱ ሕግ ምክንያት የጥቁሮች የባህል ማዕከሉንና የሴቶች ማዕከሉን ጨምሮ በርካታ በሮችን ዘግቷል። ስለ ሕጎቹ በመካከላችን የተለያየ አስተያየት አለ፤ ይኑር። በር የተዘጋበት ተማሪ ግን ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነው፣ ምናልባትም የእኛው ልጅ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «በክርስቶስ ሁላችንም አንድ ነን፤ ዘርና ባህል እየለዩ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገላትያ 3፥28ንም እናምናለን። ነገር ግን ሐዋርያት ራሳቸው ይህን አንድነት እንዴት እንደኖሩት እንመልከት። በሐዋርያት ሥራ 6፥1-7 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አይሁድ፣ መበለቶቻቸው በዕለታዊው የማዕድ አገልግሎት ችላ ስለተባሉ አጉረመረሙ። ሐዋርያት «አንድ አካል ነን፣ ስለ ቋንቋ አታንሡ» ብለው ዝም አላሰኟቸውም። ችግሩ እውነት መሆኑን ተቀብለው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። የተረሱት የሚያውቃቸው፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ አገልጋይ ተሾመላቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚህ አልተከፈለችም፤ እንዲያውም የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ እንደሄደ ሉቃስ ይነግረናል። አንድነቱ የተጠበቀው የተበደለው ወገን በመታየቱ ነው።

ዳንኤልንም እናስብ። ወደ ባቢሎን ተወስዶ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማር የተደረገ ወጣት ነበር። መጀመሪያ የተወሰደበት ስሙ ነው (ዳን. 1፥6-7)። ዳንኤል ትምህርቱን አልጠላም፣ ከትምህርት ቤቱም አልሸሸም። ነገር ግን ማንነቱን የሚያውቁ ሦስት ጓደኞች ነበሩት፤ ጭንቅ በመጣ ጊዜ ወደ ቤቱ ሄዶ አብረው ጸለዩ (ዳን. 2፥17-18)። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን እንጠይቅ።

በእነዚህ ማዕከላት የሚነገረው ሁሉ ከእምነታችን ጋር ይስማማል ማለታችን አይደለም። ልጆቻችን የሰሙትን በቃሉ እንዲመረምሩ ማስተማር አለብን። ማዕከሉ ከየት እንደመጣች ሊያስታውሳት ይችላል፤ ኃጢአትን ይቅር ሊልላት፣ የጎዳትንም ሰው እንድትወድ ልብ ሊሰጣት ግን አይችልም። ይህ የወንጌል ሥራ ነው። ሆኖም ወንጌሉን የምናቀርብላት እኛ አብረናት ስንቀመጥ ነው።

ደግሞም ካምፓሱን «በዘር ይከፋፍላል» ብለን ለመክሰስ አፋችን አይደፍርም። በአገራችን ጦርነት ወራት በአንድ አዳራሽ ሆነን፣ ከአንድ ኅብስት እየቆረስን፣ በብሔር ምክንያት ሰላምታ የተነፋፈግን ነን። ልጆቻችን ይህን አይተዋል። ንስሐ ልንገባበት ይገባል።

አገር ቤት የተማርን ፌሎሺፕን እናስታውሳለን። መንግሥት ከቤቱ ርቆ የመደበው አዲስ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ የማያውቃቸው ነባር ተማሪዎች ሻንጣውን ተሸክመው ዶርሙን ያሳዩት ነበር። ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል፤ ቋንቋውን የሚችል ካለ ይጠራለታል፤ ከዚያ አብረው ይጸልያሉ። ብዙዎቻችን በእምነት የጸናነው በዚያ ነው። ያንን እዚህ ለምን ረሳነው?

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ይህን ለማድረግ ወስነናል። የእያንዳንዱን ተማሪ ስምና ትምህርት ቤት ጽፈን በወር አንድ ጊዜ እንደውላለን፤ «ለምን ቀረህ?» ለማለት ሳይሆን እንዴት እንደሆነ ለመስማት። በእንግሊዝኛም እንሰማቸዋለን። ኮሌጅ የጨረሱ ወጣቶቻችን አዳዲሶቹን በፋፍሳና በኮርስ ምርጫ ይረዳሉ። ቅዳሜ የታችኛው አዳራሽ ለጥናት ክፍት ይሆናል፤ እናቶች ምሳ ያዘጋጃሉ፤ የማንም ልጅ ከማንም ወገን ቢመጣ ይበላል። ያቺን እናትም ጠርተን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል።

አንተ ተማሪ ወንድማችን፣ አንቺ ተማሪ እኅታችን፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ፦ ቋንቋችሁንና ወገናችሁን የሰጣችሁ እግዚአብሔር ነው፤ በራእይ 7፥9 ዮሐንስ በዙፋኑ ፊት ያየው ሕዝብ ከየነገዱና ከየቋንቋው እንደነበረ ታወቀ እንጂ መልኩ አልጠፋም። ለእርሱ አዲስ ሰው ለመሆን ሌላ ሰው መምሰል አያስፈልጋችሁም። ኑ። ምሳ በልታችኋል?

ጌታ ይባርካችሁ።