«ቴስት አልፋለች» ማለት «ደህና ናት» ማለት አይደለም



ዛሬ የማነሣው ስለ መኪና ነው። መኪና ሲባል «ይሄ የወጣቶች ወሬ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በተለይ ልጅ የበዛበት ቤት፣ ባለ 7 መቀመጫ ያድ ሽኒያ የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው እስከ መጨረሻው ያንብበው። ማንበብ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ካሉ ልጆች ያንብቡላቸው።

እኛ ዘንድ ባለ 7 መቀመጫ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ለሲግድ ኢየሩሳሌም የምንወጣው በሷ ነው። ከቂርያት መላኺ ነታንያ ለሠርግ፣ ከአፉላ ቤር ሼቫ ለለቅሶ የምንሄደው በሷ ነው። ፊት አባትና እናት፣ መሀል አያት ከሕፃናቱ ጋር፣ ከኋላ ትልልቆቹ ልጆች። አዲሷን እንግዛ ቢሉ ዋጋዋ አይቀመስም። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም አራተኛ እጅ እንገዛለን። ይህ አያሳፍርም፣ በአቅም መኖር ነው።

ችግሩ ስንገዛ የምንጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። ስንት ኪሎሜትር ሄዳለች? ቴስቷ እስከ መቼ ነው? ማዝጋኑ ይሠራል? አለቀ። እኔ የምለው አንድ ትልቅ ጥያቄ ይጎድለናል ነው። «ያልተሠራ ሪኮል አለባት ወይ?» የሚለው። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቤተሰቡን መኪና ላይ የሚጭን ሰው ቴስቷን አምኖ፣ ሻጩን አምኖ፣ ልጆቹን ግን ለዕድል ትቶ ነው የሚሄደው።

ሪኮል ምንድን ነው? አንድ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ይዛው የመጣችው የደህንነት ጉድለት ሲታወቅ፣ ፋብሪካው እነዚያን መኪኖች መልሶ ጠርቶ የሚያስተካክልበት ሥርዓት ነው። ባለቤቱ ያበላሸው ነገር አይደለም። መኪናዋ ስላረጀች የመጣም አይደለም። ስለዚህ የማሠሪያውን ወጪ የሚችለው ፋብሪካውና አስመጪው፣ የቩዓን የምንለው፣ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ሪኮል የወጣባት መኪና ሁሉ መጥፎ መኪና ናት ማለትም አይደለም። የታወቁ ጥሩ ጥሩ መኪኖችም ይወጣባቸዋል። የተጠራችና የተሠራችላት መኪና ደህና ናት። የሚያስፈራው ተጠርታ ያልሄደችው ናት።

አሁን ወደ ቴስት እንምጣ። ቴስት ላይ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ፣ ጭስ ያያሉ። አስፈላጊ ነው፣ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን የቴስቱ ሠራተኛ ኤርባጉን ፈትቶ ውስጡ ያለው ነገር ጤነኛ ይሁን አይሁን አያይም። ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት የታካታን ነገር ማወቅ ይጠቅማል።

ታካታ የጃፓን ኩባንያ ነበር። ለቶዮታ፣ ለሆንዳ፣ ለማዝዳ፣ ለኒሳንና ለሌሎችም ብዙ ፋብሪካዎች ኤርባግ ያቀርብ ነበር። ኤርባግ (ካሪት አቪር የምንለው) በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋው በአንድ ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ያለ ኬሚካል ተቀጣጥሎ ነው። ታካታ የተጠቀመበት ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ይባላል። ይህ ኬሚካል ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ግጭት ሲመጣ ከሚገባው በላይ በኃይል ይፈነዳና የብረቱን ዕቃ ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪው እንደ ጥይት ሾፌሩ ላይ ወይም አጠገቡ ያለው ሰው ላይ ይመጣል። ነፍስ ሊያድን የተሠራው ዕቃ ነፍስ አጠፋ። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል የታካታ ኤርባግ ተጠርቷል፣ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኩባንያው በ2017 ከሰረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ለኛ ይጠቅማል። አንደኛ፣ አደጋው መኪናዋ ባረጀች ቁጥር ይጨምራል፤ እኛ የምንገዛው ደግሞ ያረጀችዋን ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀትና እርጥበት ያባብሰዋል። የአሽዶድን፣ የአሽቀሎንን፣ የሐዴራን፣ የነታንያን የካይጽ ወበቅ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መኪናችን ጥላ በሌለበት ሠፈር፣ ባሕር አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጋገር ትውላለች።

ነገሩ ኤርባግ ላይ ብቻ አያበቃም። ቤተሰብ የሚጭኑት መኪኖች ላይ የወጡትን ጥቂት ጥሪዎች ተመልከቱ። በ2016 ቶዮታ በአሜሪካ 744 ሺህ ያህል ሲየና መኪኖችን ጠርቷል። ምክንያቱ የጎኑ ተንሸራታች በር መኪናዋ እየሄደች ሊከፈት መቻሉ ነው። በ2017 ሆንዳ 800 ሺህ ያህል ኦዲሴ መኪኖችን ጠራ። የመሀሉ ወንበር በትክክል ካልተቆለፈ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ሊደፋ ስለሚችል ነው። በ2023 ደግሞ ኪያ ከ51 ሺህ በላይ ካርኒቫል መኪኖችን ጠራ። በኤሌክትሪክ የሚዘጋው በር እጅ ሲነካ ቶሎ ስለማይመለስ ነው። እስቲ አስቡት፦ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው? መሀል ወንበር ላይ ያለው ማን ነው? እጁን በር ላይ የሚያሳርፈው ማን ነው? ልጅ ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ የአሜሪካ ጥሪዎች ናቸው። እዚህ አገር ያለች ተመሳሳይ ስም ያላት መኪና የግድ ችግሩ አለባት ማለት አይደለም። የተሠራችበት ፋብሪካና ዓመት ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በስሟ ብቻ መኪናን መፍረድም፣ በስሟ ብቻ መኪናን ማመንም ልክ አይደለም። የሚፈርደው የራሷ የታርጋ ቁጥርና የሻሲ ቁጥር ነው።

ታዲያ ጥሪው ለምን እኛ ጋ አይደርስም? መንገዱ ለኛ የተመቸ ስላልሆነ ነው። ሪኮል ሲወጣ ሚኽታቭ የሚላከው መኪናዋ በስሙ ወዳለ ሰው ነው። መኪናዋ እጅ ስትቀያይር፣ ሰውም ቤት ሲቀይር፣ ወረቀቱ የድሮው ባለቤት ቤት ይቀራል። ቢደርሰንም በከባድ ዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። እናት ወረቀቱን ለ12 ዓመት ልጅ ትሰጠዋለች፤ ልጁ ገረፍ አድርጎ አይቶ «የመኪና ነገር ነው፣ ማስታወቂያ ነው» ይላል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። ልጁን አልወቅስም። የቤተሰብን ሕይወት የሚነካ ወረቀት በልጅ ትከሻ ላይ መጣሉ ነው ስህተቱ።

ምግራሽ ላይ የሚሸጠው ነጋዴ ይነግረናል ብለንም አንመን። በአሜሪካ እንኳ ያገለገለ መኪና ነጋዴ ያልተሠራ ሪኮል ያለባትን መኪና እንዳይሸጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። የነጋዴ ሥራው መሸጥ ነው፤ መጠየቅ የገዢው ነው።

ከነጋዴው ይልቅ የሚከብደን ግን ዘመድ ነው። አብዛኞቻችን መኪና የምንገዛው ከሚያውቀን ሰው ነው። የአጎት ልጅ፣ የጎረቤት አማች፣ አብሮን የሚጸልይ ሰው። «ወረቀቷን ላጣራ» ማለት «አላምንህም» ማለት ይመስለናል። ይሉኝታ ይይዘናል። አገር ቤት እኮ አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ከወንድማቸውም ቢሆን ጥርሷን ከፍተው፣ ሰኮናዋን አንስተው፣ ጠባይዋን ጠይቀው፣ ምስክር አስቀምጠው ነበር። ማንም አልተቀየመም። ሻጩም «ይህች በቅሎ ትራገጣለች» ብሎ መናገር ግዴታው ነበር። መኪና ሲሆን ይህን ወግ ለምን ጣልነው? እንደውም ለወገኑ የሚሸጥ ሰው ሳይጠየቅ «ሪኮሏ ተሠርቷል፣ ወረቀቱ ይኸው» ማለት አለበት። በቅናሽ ከመሸጥ ይልቅ እውነቱን መንገር ትልቁ ዝምድና ነው።

አንዳንዶች «ሙሳኽ ከገባሁ ሌላ ነገር ተበላሽቷል ብለው ገንዘቤን ይበሉኛል» ይላሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ያለ ምክንያት አልመጣም። ግን የሪኮል ሥራ በነጻ ነው። ሌላ ነገር ልንሥራ ቢሏችሁ «አሁን አልፈልግም፣ ሪኮሉን ብቻ» ማለት ትችላላችሁ። ሌሎች ደግሞ «8 ዓመት ነዳኋት፣ ምንም አልሆነችም» ይላሉ። የታካታ ኤርባግ ያለባቸውም እስከ ግጭቱ ቀን ድረስ ምንም አልሆኑም ነበር። ኤርባግ ጉዱን የሚያሳየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም፦

1. ከመግዛታችሁ በፊት የታርጋ ቁጥሯን ውሰዱ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር፣ ሚስራድ ሃታኽቡራ፣ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ ያልተሠራ ሪኮል መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል። ስልክ የሚችል ልጅ በደቂቃ ያየዋል። የሚያነብላችሁ ግን አዋቂ ቢሆን ይመረጣል።

2. አሁን ያላችሁንም መኪና እንዲሁ አጣሩ። ዛሬ ንጹሕ ብትሆን ነገ አዲስ ጥሪ ሊወጣባት ስለሚችል በየዓመቱ ቴስት ስታስገቡ አብራችሁ እዩ።

3. ሪኮል ካለባት የሻሲ ቁጥሩን፣ ሚስፓር ሺልዳ የሚባለውን፣ ከመኪናዋ ፈቃድ ላይ ጽፋችሁ አስመጪው ወደፈቀደለት ሙሳኽ ደውሉና ቀን አስይዙ። ዕቃው የለም ካሉ «መቼ ይመጣል? እስከዚያ መንዳት እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጠየቃችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ።

4. ሲሠራ ወረቀቱን ተቀበሉና አስቀምጡ። ስትሸጡ ለገዢው ስጡት።

5. አድራሻችሁ መታወቂያ ላይ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ሚኽታቩ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እሱም አቤቱታ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። በመኪና ነገር ግን ዝምታ ይነቅዛል። በሩ በራሱ ከተከፈተ፣ ሞተሩ እየሄደ ከጠፋ፣ የኤርባግ መብራት በርቶ ከቀረ፣ «መኪና ነው፣ ያልፍለታል» አትበሉ። የፋብሪካ ጉድለት የሚታወቀው ሰዎች አቤት ሲሉ ነው። አሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ከማንኛውም ባለመኪና አቤቱታ ይቀበላል፤ ተመሳሳይ አቤቱታ ሲበዛ ምርመራ ይከፍታል፣ ከምርመራው ጥሪ ይመጣል። በ2014 ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪና የጠራበት ጉድለት እያሽከረከሩ ቁልፉ በራሱ ዞሮ ሞተሩን የሚያጠፋ ነበር፤ ያኔ ኤርባጉም አይነፋም። 124 ሰዎች እንደሞቱበት የካሳ ፈንዱ ተቀብሏል። ኩባንያው ውስጥ ችግሩን ቀድመው የሚያውቁ ነበሩ። አቤት ያሉ ባለቤቶችም ነበሩ፣ በቂ ጆሮ አላገኙም። ነገሩ የተጋለጠው አንድ ልጃቸውን ያጡ ቤተሰብ ዝም አንልም ብለው ፍርድ ቤት ስለቆሙ ነው። እኛም እዚህ ለአስመጪው፣ ለሚስራድ ሃታኽቡራ በጽሑፍ ማሳወቅ እንችላለን። ዕብራይስጣችን የተሰበረ ቢሆንም አቤቱታችን የተሰበረ አይደለም።

ሸክሙ ግን እኛ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። የደህንነት ጥሪ የሚልክ አስመጪ ሰዎች በሚያነቡት ቋንቋ ይላክ። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ «መኪናዎ የደህንነት ጉድለት አለባት፤ ጥገናው በነጻ ነው፤ ወደዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ሦስት መስመር ምን ያህል ያስወጣል? ሚኒስቴሩም መኪና ስም ሲዛወር ለአዲሱ ባለቤት ያልተሠራ ሪኮል ካለ እዚያው ይንገረው፣ በሚገባው ቋንቋ። ግብር ስንከፍል፣ ቅጣት ሲጣልብን አድራሻችን አይጠፋም፤ ለደህንነታችንም አይጥፋ።

እስከዚያ ድረስ ግን አንጠብቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የታርጋ ቁጥራችሁን አጣሩ። የእናታችሁን፣ የወንድማችሁን፣ የጎረቤታችሁንም አጣሩላቸው። ያልተሠራ ሪኮል ያገኘ ሰው ሳያፍር ከታች ይጻፍልን፤ ምን ሰሌዳ ምን ስም ሳይል፣ ምን ጉድለት እንደሆነና እንዴት እንዳሠራው ብቻ። ከአንዱ ሌላው ይማራል።

መንገዳችሁ የሰላም ይሁን።