እድራችን ከሞት በፊት የት ነው?

በሰፈራችን ሰው ሲያርፍ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል። ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ለሠላሳ ዓመት ያህል የእድር አባል ነኝ፤ በዚህ ባህላችንም እኮራለሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ እህቴ በካንሰር ታመመች። ሐኪሞቹ «ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም፤ ወደ ቤት ውሰዷት» አሉን። ቤት ወስደን ምን እንደምናደርግ ግን የነገረን አልነበረም። ሌሊት ሕመሙ ሲበረታባት በእጃችን የነበረው ፓራሲታሞልና ጠበል ብቻ ነበር። ስታርፍ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው ውጭ ቆመ። ስትሰቃይ ግን አስታማሚዎቿ አራት ብቻ ነበርን።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ሆስፒስ የሚባለው አገልግሎት ነው። ሆስፒስ በሽታውን አድናለሁ አይልም። ሕመም ያስታግሣል፣ ቁስል ያጥባል፣ ቤተሰቡን እንዴት እንደሚያስታምም ያስተምራል። በአገራችን በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን በሽተኛው ቤት ድረስ እየላከ ይህንኑ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ሥራው ለምን በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ላይ ወደቀ? መልሱ ቀላል ነው። የግል ሆስፒታል የሚተዳደረው ከአልጋ፣ ከምርመራና ከቀዶ ሕክምና በሚያገኘው ገቢ ነው። ይህን ሁሉ ካለፈ በሽተኛ ብዙ ትርፍ አይጠብቅም። የመንግሥት ሆስፒታል ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለችውን አልጋ ይድናል ለሚለው ይሰጣል። ስለዚህ ለማይድነው ብዙ ጊዜ የሚደርስለት ትርፍ የማይፈልግ ተቋም ነው።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። የ1961 እ.ኤ.አ. የአደንዛዥ መድኃኒቶች ስምምነት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ክልከላውን ነው። መግቢያው ግን እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንና እንዲገኙ መደረግ እንዳለበትም ይናገራል። ኡጋንዳ ይህን በተግባር አሳይታለች። በ2004 እ.ኤ.አ. ደንቧን አሻሽላ በሙያው የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። የሚጠጣ ሞርፊን ውድ መድኃኒት አይደለም። ውድ የሚያደርገው ሐኪም በሌለበት መንደር ሐኪም ካልፈረመ አይሰጥም ማለት ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ቢመለከቱት መልካም ነው።

ሁሉንም ከመንግሥትና ከለጋሽ መጠበቅ ግን አይገባም። ኤድስ ቤታችንን ባንኳኳበት ዘመን በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ማስታመም፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። በዚያን ጊዜ ከተቻለ ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንዲት አንቀጽ ብንጨምር፣ ከወርሃዊ መዋጮው ጥቂቱ ለነርስ ትራንስፖርት፣ ለጓንትና ለፋሻ ይውላል፤ አባላትም ተራ ገብተው አንዲት ሌሊት አስታማሚውን ያሳርፋሉ።

እኔ በሚቀጥለው የእድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ይህንኑ አንቀጽ አቀርባለሁ። «እድር ለቀብር ነው» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ እህቴ ድንኳኑን አላየችውም።