ጠመንጃ ያነገበ አዛውንት፦ የብሪታንያ የኒውክሌር ጣቢያ ፖሊሶች የጡረታ ጥያቄ

በብሪታንያ የኒውክሌር ጣቢያዎችን የሚጠብቁ ፖሊሶች ያነሡት የጡረታ ጥያቄ ሥረ መሠረቱ አንድ ነው፤ ፖሊስ ናቸው ወይስ አይደሉም? የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፤ ጠመንጃ ያነግባሉ፤ ተጠርጣሪን በቁጥጥር ሥር የማዋል ሥልጣን አላቸው፤ ቃለ መሐላም ይፈጽማሉ። የሀገሪቱ የጡረታ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ከፖሊስ ተራ አልቆጠራቸውም። ለከተማና ለገጠር ፖሊስ የ60 ዓመት የጡረታ ዕድሜ ሲያስቀምጥ፣ ለእነርሱ ያስቀመጠው 65፣ ከዚያም ከፍ ሲል እስከ 68 የሚደርስ ነው።

ጉዳዩ በመጀመሪያ እይታ የጥቂት ሺህ ሰዎች የደመወዝና የአበል ክርክር ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመለከቱት ግን የሰውን የጡረታ ዕድሜ የሚወስነው የሚሠራው ሥራ ነው ወይስ በሕግ የተሰጠው ስም የሚለውን ጥያቄ የያዘ ነው።

የሚጠብቁት ምንድን ነው?

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በከምብሪያ አውራጃ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው ሴላፊልድ ከእነዚህ ጣቢያዎች ዋነኛው ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ላምና በግ የሚረባበት ነው። በግቢው ውስጥ ደግሞ ወደ 140 ቶን የሚጠጋ ፕሉቶኒየም ተከማችቷል። ፕሉቶኒየም ከክፉ እጅ ቢገባ ለጦር መሣሪያ የሚውል ንጥረ ነገር ነው። ጥበቃው በተራ ዘበኛ ሳይሆን በታጠቀ ፖሊስ እንዲሆን የተደረገውም ስለዚህ ነው።

የአካባቢው ገበሬ የኒውክሌር አደጋ ምን እንደሆነ ከታሪክ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1957 በዚሁ ስፍራ፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ዊንድስኬል ይባል በነበረው ጣቢያ፣ እሳት ተነሥቶ ጨረር አዘል ንጥረ ነገር ወደ አየር ወጣ። 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን አካባቢ የታለበው ወተት ለሳምንታት ተደፋ። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል ጣቢያ ሲፈነዳም ደመናው እስከ ከምብሪያ ተራሮች ደርሶ ዝናብ ሆኖ ወረደ፤ በዚያ ሣር የጋጡ በጎች ሳይመረመሩ ለገበያ እንዳይቀርቡ ታገደ። የመጨረሻው እገዳ የተነሣው ከ26 ዓመታት በኋላ፣ በ2012 ነው።

እነዚህ ሁለቱ በአደጋ የደረሱ ናቸው። የታጠቀው ፖሊስ የቆመው ተመሳሳይ ጥፋት በሰው ፈቃድ፣ በሽብር ወይም በስርቆት እንዳይመጣ ነው። ሥራው ሰመረ የሚባለው ምንም ሳይሆን ሲውል ነው። ምንም ያልሆነበት ሥራ ደግሞ ድካሙ ለሌላው ሰው አይታይም።

ከ1955 የጀመረ ታሪክ

የጥበቃ ኃይሉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1955፣ የአቶሚክ ኃይል ባለሥልጣን ፖሊስ ተብሎ ነው። በ1976 የወጣ ሕግ መሣሪያ የመታጠቅ መብቱን አሰፋለት። በ2004 በወጣው የኢነርጂ ሕግ መሠረትም ከሚያዝያ 1 ቀን 2005 ጀምሮ የሲቪል ኒውክሌር ፖሊስ በሚል ስም እንደ አዲስ ተቋቋመ። አባላቱ ከሴላፊልድ ሌላ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ያለውን ዱንሬይን፣ በደቡብ ምዕራብ ያለውን ሂንክሊ ፖይንትን፣ በምሥራቅ ዳርቻ ያለውን ሳይዝዌልን የመሳሰሉ ስፍራዎችን ይጠብቃሉ። የፖሊስነት ሥልጣናቸው ከጣቢያው አጥር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። የኒውክሌር ቁሳቁስ በየብስም ሆነ በባሕር ሲጓጓዝም ያጅባሉ።

ከሌላው የብሪታንያ ፖሊስ የሚለዩባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው መሣሪያ ነው። አብዛኛው የብሪታንያ ፖሊስ ያለ ጠመንጃ ሲሠራ፣ ከኒውክሌር ፖሊሶች አብዛኞቹ የታጠቁ ናቸው። ሁለተኛው ቀጣሪያቸው ነው። የአካባቢ ፖሊስ አስተዳደር ሳይሆን፣ ለዚሁ ሥራ በሕግ የተቋቋመ የሲቪል ኒውክሌር ፖሊስ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ይቀጥራቸዋል። ሦስተኛው የወጪው ምንጭ ነው። የጥበቃውን ዋጋ በዋናነት የሚከፍሉት ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ናቸው።

የጡረታው ክርክር ጎልቶ የወጣው ከሁለተኛው ልዩነት ነው።

«ፖሊስ» የሚለው ቃል ትርጉም

ሎርድ ጆን ሃተን የመሩት የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አጥኚ ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ነበር። ሰው ዕድሜው እየረዘመ በመሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዕድሜ ከአጠቃላዩ የሀገሪቱ የጡረታ ዕድሜ ጋር እኩል እንዲሄድ መከረ። ሥራቸው ጉልበት ለሚጠይቅ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ ተከላካይና ለጦር ሠራዊት ግን 60 ዓመት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ።

የ2013ቱ ሕግ ይህንኑ ተከተለ። አጠቃላይ ደንቡ የሀገሪቱ የጡረታ ዕድሜ ወይም 65፣ ከሁለቱ ከፍ ያለው ነው። ከደንቡ የወጡት ሦስቱ ወገኖች ብቻ ናቸው። አጠቃላዩ የጡረታ ዕድሜ ከጊዜ በኋላ 66 ደርሷል፤ ከ2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ወደ 67 ያድጋል፤ በ2040ዎቹ አጋማሽ ደግሞ 68 እንዲሆን በሕግ ተወስኗል።

የኒውክሌር ፖሊሶቹ ፌዴሬሽን ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። አባላቱ የፖሊስ ኃይል አባላት ስለሆኑ የ60 ዓመቱ ደንብ ይመለከታቸዋል ሲል ተከራከረ። የእንግሊዝና የዌልስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 የሰጠው ፍርድ ግን ከዚህ ተቃራኒ ሆነ። በሕጉ ውስጥ «የፖሊስ ኃይል» የሚለው አነጋገር የኒውክሌር ፖሊስን አይጨምርም ተባለ። ፍርዱ የተሰጠው ቃሉ በሕጉ ውስጥ በያዘው ትርጉም ላይ ነው። ሰው በ67 ዓመቱ ጠመንጃ ይዞ መሮጥ ይችላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ፍርዱም አይመልሰውም።

የመከላከያ ሚኒስቴር ፖሊስም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶት ነበር። ለእርሱ ግን በዚያው ሕግ ውስጥ የጡረታ ዕድሜው ጉዳይ ተጠንቶ ሪፖርት እንዲቀርብ የሚያዝዝ አንቀጽ ገብቷል። የኒውክሌር ፖሊስ በዚያ አንቀጽም አልተጠቀሰም።

ዕድሜና ጉልበት

የታጠቀ ፖሊስ በየጊዜው ሁለት ፈተና ማለፍ አለበት፤ የተኩስ ብቃትና የአካል ብቃት። የአካል ብቃቱ ፈተና በሁለት መስመሮች መካከል እየተመላለሱ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ በሚሄድ የድምፅ ምልክት እየተመሩ መሮጥ ነው። ፈተናውን ያላለፈ ሰው መሣሪያ አይዝም። በከተማ ፖሊስ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ምርመራ፣ ወደ ማኅበረሰብ ፖሊስ ወይም ወደ ቢሮ ሥራ ሊዛወር ይችላል። በኒውክሌር ፖሊስ ዘንድ ግን ሥራው በሙሉ ማለት ይቻላል የመሣሪያ ሥራ ስለሆነ መሸሻው ጠባብ ነው።

ጥይት የማይበሳው ሰደርያ፣ ጠመንጃው፣ ጥይቱና የመገናኛ ሬዲዮው በሰውነት ላይ ተሸክመው የሚዋልባቸው ናቸው። ፈረቃው ቀንና ሌሊት ይፈራረቃል። ጣቢያዎቹ ከከተማ የራቁ፣ የባሕር ነፋስና ብርድ የማይለያቸው ናቸው። በ30 ዓመት ዕድሜ ቀላል የነበረው ሸክም በ60 ዓመት እንደዚያው አይሆንም። በሬው ሲያረጅ ቀንበሩን የሚያወርድለት ገበሬ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

እርግጥ ነው፣ ሰውየው የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ነገር ግን ጡረታውን ቀደም ብሎ ሲጀምር አበሉ በዚያው ልክ ይቀነሳል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ጉልበቱ ከሚፈቅድለት በላይ በሥራው መቆየት፣ ወይም ያጠራቀመውን እያጎደለ መውጣት።

በዚህ ላይ የመደራደር አቅማቸው የተገደበ ነው። ሕጉ የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ይከለክላቸዋል፤ ሥራ ማቆምም አይችሉም። የሚናገርላቸው ፌዴሬሽኑ ብቻ ነው። ሥራ የማቆም መብቱን ለሀገር ደኅንነት ሲል የተነጠቀ ሠራተኛ በምትኩ ሕጉ ራሱ ጥቅሙን እንዲያስከብርለት ይጠብቃል። እዚህ ላይ ሕጉ ግዴታውን ሲጭን እንደ ፖሊስ ቆጥሯቸዋል፤ ጥቅሙን ሲያከፋፍል ግን ከፖሊስ ውጭ አድርጓቸዋል።

የሌላው ወገን ክርክር

በተቃራኒው የሚቀርበውም መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የጡረታ ዕድሜ ሲቀንስ መዋጮው ይጨምራል፤ ያንን የሚሸከሙት ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድሩት ድርጅቶችና፣ በመንግሥት ይዞታ ሥር ላሉት ደግሞ ግብር ከፋዩ ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋም ከዚህ ወጪ ነጻ አይሆንም። ደግሞም ለአንዱ የተከፈተ በር ለሌላው ይከፈታል። የእንግሊዝ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎች ማኅበር፣ እስረኛ እየያዙ እስከ 68 ዓመት መሥራት ይብቃ የሚል ዘመቻ ሲያካሂድ ቆይቷል። እነርሱም ሥራ ማቆም በሕግ የተከለከለባቸው ናቸው።

ሆኖም ወጪው ውድ ነው ማለትና ሥራው ፖሊስነት አይደለም ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በሒሳብ የሚመከርበት ነው። ሁለተኛው ግን ከመንግሥት የኋላ እርምጃ ጋር እንኳ አይስማማም። በ2023 የወጣው የኢነርጂ ሕግ የኒውክሌር ፖሊስ በሚኒስትሩ ፈቃድ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል ከኒውክሌር ጣቢያዎች ውጭም የፖሊስ አገልግሎት እንዲሰጥ በር ከፍቷል። የሥራው ድርሻ ወደ ሌላው ፖሊስ በቀረበ ቁጥር የጡረታው ልዩነት ምክንያት እየሳሳ ይሄዳል።

ለኢትዮጵያ የሚሆን ትምህርት

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የመገንባት ዕቅድ መኖሩን ይፋ አድርገዋል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲታሰብ የመሬቱ፣ የውኃውና የገንዘቡ ነገር ቀድሞ ይነሣል። የጠባቂው ነገር የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ነው።

የኢትዮጵያ የጡረታ ሕግም የሥራን ዓይነት የሚለይ ነው። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ለሲቪል ሠራተኛ 11 በመቶ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል ግን 25 በመቶ ይከፍላል። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው፣ የጥበቃ ሠራተኛም ቢሆን፣ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ሲሆን የቀጣሪው መዋጮ 11 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ጠባቂ በፌዴራል ፖሊስ፣ በልዩ መሥሪያ ቤት ወይስ በግል የጥበቃ ድርጅት ሥር ይቀጠር የሚለው ውሳኔ እርጅናውን ከወዲሁ የሚወስን ነው። ሥራው አንድ፣ ጠመንጃው አንድ፣ ሌሊቱም አንድ ሆኖ ሳለ ጡረታው በመዝገቡ ስም ሊለያይ ይችላል።

በብሪታንያ የሆነው ይኸው ነው። በ2004 የኃይሉ አቋም ሲደነገግ ለአስተዳደር አመቺ የነበረው አደረጃጀት፣ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ የሰዎችን የጡረታ ዕድሜ በዓመታት የሚገፋ ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤት የተጻፈውን ያነብባል እንጂ ያልተጻፈውን አይጨምርም። ስለዚህ ጠባቂው ማን ይባላል፣ በማን ይቀጠራል፣ ጉልበቱ ሲደክም ወዴት ይዛወራል፣ በስንት ዓመቱ ያርፋል የሚሉት ጥያቄዎች ሊመለሱ የሚገባቸው የጣቢያው መሠረት ሲጣል እንጂ ጠባቂው ካረጀ በኋላ አይደለም።