ሕመምተኛው የሥልጠና ተካፋይ ይሁን

የጤና ባለሙያ ከሁለት ምንጮች ይማራል። አንደኛው በመጽሐፍና በቤተ ሙከራ የተከማቸው የሳይንስ ዕውቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሽታውን በገዛ አካሉ ተሸክሞ፣ ከነኑሮው ችግር ሐኪም ፊት የሚቀርበው ሕመምተኛ ነው። ለመጀመሪያው ምንጭ መምህር፣ የትምህርት ፕሮግራምና ፈተና ተመድቦለታል። ሁለተኛው ግን ለብዙ ዘመን እንደ መማሪያ መሣሪያ እንጂ እንደ ማስተማር ተካፋይ አልታየም። ተማሪዎች አልጋውን ከበው፣ ታማሚው በማይሰማው ቋንቋ ስለ እርሱው ተወያይተው ሲበተኑ፣ አካሉ ተጠንቷል፤ የሚያውቀው ግን ሳይጠየቅ ቀርቷል። ይህ አሠራር መለወጥ አለበት የምንለው ከርኅራኄ ብቻ በመነሣት አይደለም። ንድፈ ሐሳብና ተግባር ያልተዋሐዱበት ሥልጠና ጎዶሎ በመሆኑ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ገና በወጣትነታቸው ከገጠር መጥተው፣ በያኔው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የፌስቱላ ሕክምና የተደረገላቸው እናት ናቸው። ፌስቱላ ረዳት ባጣ ረጅም ምጥ ምክንያት የሚመጣ፣ ሽንት መቆጣጠርን የሚያሳጣ፣ ሴቲቱንም ከትዳርና ከጎረቤት የሚነጥል የድህነት በሽታ ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡት ወይዘሮ ማሚቱ አልጋ ከማንጠፍ ተነሥተው፣ በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሐምሊን አጠገብ ቆመው መሣሪያ በማቀበል፣ ከዚያም በራሳቸው እጅ በመሥራት የተዋጣላቸው የቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆኑ። ሐምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 በመሠረቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልም ከአገር ውስጥና ከውጭ የመጡ ሐኪሞችን አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ሕመም ሳይንስን ይተካል የሚል አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ሙያውን ያገኙት በረጅም ዘመን ልምምድና በመምህራን ምሪት ነው። የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፤ በሩ ሲከፈት ታካሚው ተቀባይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይሁን እንጂ አንድ በር በአንድ ቅን ሐኪም ፈቃድ መከፈቱ አይበቃም። ሥርዓት ሊሆን ይገባል።

የኤች አይ ቪ ትግልም ይህንኑ አረጋግጧል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2003 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መስጠት ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ወገኖች በማኅበር ተደራጅተው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ሕዝቡን አስተምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአፍሪካ አገሮች ባስፋፋው ሥልጠናም እንዲህ ያሉ ወገኖች የታካሚውን ቦታ ይዘው ከሠልጣኙ ነርስ ጋር ይነጋገሩ፣ ከዚያም የቱ ቃል እንዳጽናናና የቱ እንዳስደነገጠ ያስረዱ ነበር። ይህን ዓይነት እርማት መጽሐፍ አይሰጥም።

የኡራኤልን ሠርቶ አደር እንውሰድ። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው የግንባታ ሠራተኛ መድኃኒቱን ለስድስት ወራት መውሰድ አለበት። ሳሉ ሲቀንስለት «ድኛለሁ» የሚል ፈተና ይገጥመዋል፤ ክኒን ሊቀበል ሲሄድ የቀን ምንዳው ይቀርበታል። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው «አቋረጠ» የሚል አንድ ቃል ነው። ለምን እንዳቋረጠ፣ ወይም እንዴት ታግሎ እንደ ጨረሰ የሚያውቀው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን እስከ ቤታችን ደጃፍ አድርሷል። እነዚህን ባለሙያዎች የሚያሠለጥን ሁሉ ሕክምናውን የጨረሰውን ሠራተኛ ከመምህሩ ጎን ሊያስቀምጠው ይገባል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚናገረውን የሚያዳምጥ ባለሙያ ካልሠለጠነ መናገሩ ብቻ ምን ይጠቅመዋል? እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የወጣው መግለጫ ሕዝቡ በጤና አገልግሎቱ ዕቅድና አፈጻጸም የመሳተፍ መብትም ግዴታም እንዳለው አውጇል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በማውጣት ፈር ቀዷል። ቀጣዩ እርምጃ ኅብረተሰቡን ወደ መማሪያ ክፍሉ ማስገባት ነው።

ይህም ግልጽ ደንብ ይጠይቃል። ታካሚው በፈቃዱ ይግባ፤ ምሥጢሩ ይጠበቅ፤ ለዋለበት ቀን ተገቢው አበል ይከፈለው፤ ተማሪው ሲመዘን የእርሱም ቃል ይቆጠር፤ ውይይቱ በሚሰማው ቋንቋ ይካሄድ። አለበለዚያ ተሳትፎ የሚለው ቃል ሕመምተኛውን ለትዕይንት ማቅረቢያ ከመሆን አያልፍም።

እድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ከሕክምና የተመለሱ አባሎቻቸው በፈቃዳቸው እንዲያስተምሩ ማበረታታት፣ የጤና ማሠልጠኛ ተቋማትም በራቸውን መክፈት አለባቸው። ሐኪሙ የሕዝብ አገልጋይ ከሆነ፣ ሕዝቡ ከመምህራኑ አንዱ መሆኑን መቀበል የአገልጋይነቱ መጀመሪያ ነው።