አልገታ ላለ ብርቱ ፈረስ ልጓም ስለ መምረጥ

ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ፈረስ ለደጋ ገበሬ ምን እንደሚጠቅም ከእኛ መስማት አያስፈልገውም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ገብሱም ቆጮውም ወደ ገበያ የሚወርደው በጋማ ከብት ጀርባ ነው። ወረድ ብሎ ባለው የቡና አገር ደግሞ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ ስላለበት ጉልበታም እንስሳ ይፈለጋል። ችግር የሚነሣው ይኸው ጉልበታም ፈረስ አልገታ ሲል ነው። ዛቡ ሲሳብ አንገቱን ይዘረጋል፤ አብዝተው ሲስቡት አብዝቶ ይጎትታል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ገበያ ወርዶ ከያዘው የባሰ ልጓም ይገዛል። ቀጭን ብረት፣ የተጠማዘዘ ብረት፣ አንዳንዴም ከግንባታ የተረፈ ጥርስ ያለው ፌሮ አስቆልምሞ አፉ ውስጥ ያገባል።

እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። የምንቃወመውም ለእንስሳው በማዘን ብቻ አይደለም፤ ልጓሙ የታሰበለትን ሥራ ስለማይሠራ ጭምር ነው።

ፈረስ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የማይበቅልበት ባዶ ድድ አለው። ልጓም የሚያርፈው በዚህ ድድና በምላሱ ላይ ነው። ከድዱ ሥር ያለው አጥንት ጠርዙ ሹል ሲሆን የሚሸፍነው ሥጋ እጅግ ስስ ነው። ቀጭን ብረት በኃይል ሲሳብበት ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲደጋገም ይጠጥራል፤ የጠጠረ ድድ ደግሞ ስሜቱ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ «አፉ ደንድኗል» ይላል፤ ያደነደነው ግን ልጓሙ ነው። በዚህ ላይ ፈረስ ሲያመው የሚሸሽ እንስሳ ነው። ሕመሙ አፉ ውስጥ ሲሆንበት የሚሸሸው ወደ ፊት ነው። ስለዚህ በከባድ ብረት የሚገታ ፈረስ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ከልጓሙ ለማምለጥ ነው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «የአባቶቻችን ልጓም ከዚህ የባሰ ብርቱ ነበር» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። የአገራችን የቆየ ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ የብረት ቀለበትና ወደ ላንቃ የሚነሣ ጉብታ ነበረው። ነገር ግን የተሠራው ለጦር ፈረስ ነው። ፈረሰኛው ጦርና ጋሻ ይዞ ስለሚጋልብ ዛቡን በጣት ነክቶ ፈረሱን ማቆም ነበረበት። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም በሚጠሩበት በዚያ ዘመን፣ ሲዳሞን ያስተዳደሩት ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» በሚባሉበት ጊዜ፣ ፈረሱም ፈረሰኛውም ለዚህ ሥራ የሚለማመዱበት ጊዜ ነበራቸው። የዛሬው ባለጋሪ የሚስበው በሁለት እጁና በሙሉ ክብደቱ ነው። ለጣት የተሠራ ብረት በሁለት ክንድ ሲሳብ መንጋጋን ይጎዳል። ከ2,300 ዓመት በፊት የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎንም ባለፈረስ አንድ ለስላሳ አንድ ሸካራ ልጓም ይኑረው ይላል። እርሱም ቢሆን የሚያወራው ስለ ጦር ፈረስ ነው፤ ፈረሱን ከኋላው ጋሪ አይገፋውም።

ዋናው ነገር ይኸው የጋሪው ግፊት ነው። የጌዴኦ መሬት ተዳፋት ነው፤ መልክዓ ምድሩ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውም በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ካለው ተዳፋት ጋር ነው። ቡናውና እንሰቱ ከዚህ ተዳፋት ጋር ተስማምተዋል፤ ጋሪው ግን አልተስማማም። ፍሬን የሌለው ጋሪ ቁልቁለት ሲይዝ ፈረሱን ከኋላ ይገፋዋል። ባለጋሪው ደንግጦ ዛቡን ይስባል። ፈረሱ ከኋላ እየተገፋ ከፊት እየተሳበ መሄጃ ያጣል፤ አፉ የጋሪው ፍሬን ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ «ጎታች» ብሎ መስደብ ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል። መድኃኒቱ ከጭራው በታች ቂጡን አቅፎ ከጋሪው ዘንጎች ጋር የሚታሰር ሰፊ ማገጃ ጠፍር ነው። ከቆዳ ወይም ከድርብ ሸራ ሊሠራ ይችላል፤ ከገመድ ግን አይሠራ፣ ይልጣል። ጎማውን የሚጫን የእንጨት ፍሬን ቢጨመርበት ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። የማኅበር ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኛ ከአዲስ ልጓም በፊት ማገጃ ጠፍሩን እንመርጣለን።

ጥርስም ይታይ። የፈረስ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል እየሾለ ይሄዳል፤ ልጓም ሲሳብ ጉንጩ ከሾለው ጥርስ ጋር ይጋጫል። ሣር አኝኮ የሚጥል፣ ራሱን አዘንብሎ የሚያላምጥ፣ ለሃጩ ከደም የተቀላቀለ ፈረስ መሄድ ያለበት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ገብስ እየበላ ሳምንት ሙሉ ሳይሠራ የቆመ ፈረስ በመጀመሪያው ቀን ቢጎትት ግን በሽታ አይደለም፤ መኖው ከሥራው ጋር ይመጣጠን።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የትኛው ልጓም ይገዛ ለሚለን፣ ለስላሳ፣ ድብልብልና በልክ የተሠራ ብረት እንላለን። ውፍረቱ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአገራችን ፈረስ አፍ ይስማማል። ከዚህ የቀጠነ ይቆርጣል፤ በጣም የወፈረም ትንሹን አፍ ያስጨንቃል። ለጋሪና ለጭነት መሐሉ በጥቂቱ የጎበጠ፣ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ብረት እንመርጣለን። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ልጓም በደንብ ከተሠራ ክፉ አይደለም፤ በጥድፊያ የተበየደው ግን መጋጠሚያው ቶሎ ተበልቶ ምላስ ይቆነጥጣል። የጎንና የጎን ቀለበቶቹ ወደ አፍ ሾልከው እንዳይገቡ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑራቸው።

ልኩን ለማወቅ ንጹሕ ገመድ ልጓሙ በሚያርፍበት ቦታ አሳልፎ በሁለቱም የከንፈር ጫፍ ምልክት ማድረግ ይበቃል። በምልክቶቹ መካከል ባለው ርዝመት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር፣ ማለት በየጎኑ ግማሽ ግማሽ፣ የብረቱ ርዝመት ይገኛል። ልጓሙ ሲታሰር በከንፈሩ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሽብሽብ ከታየ ደኅና ነው። ምንም ካልታየ ብረቱ ወርዶ ጥርሱን ይመታል። በደጋው ብርድ ጠዋት ጠዋት ብረቱን በእጅ ማሞቅ፣ ማታም አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። የታመመ ፈረስ ልጓም ለሌላ አይዋስ።

ለስላሳ ልጓምም ቢሆን በክፉ እጅ ይከፋል። ያለማቋረጥ የተሳበ ዛብ ለፈረሱ መደገፊያ ይሆነዋል። ዛቡን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ማድረግና እሺ ባለ ቅጽበት ማላላት ያስፈልጋል። «ቁም» የሚለውን ቃል ደግሞ ባዶ ጋሪ ይዞ በሜዳ ላይ ይማረው።

«በገበያ ቀን ሰው በሞላበት መንገድ ይዞኝ ቢበር ለስላሳ ብረት ምን ይሠራልኛል?» የሚሉ ባለጋሪዎች አሉ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሰው ሊሞት ይችላል። መልሳችን ግን እንዲህ ያለው ፈረስ እስኪገራ ድረስ ከጋሪ ይፈታ፣ በገበያ መካከልም አይለፍ የሚል ነው። ከአፍ በታች የወረደ ክንድና የአገጭ ሰንሰለት ያለውን ልጓም የሚያቀርቡ ነጋዴዎችም አሉ። ይህ ልጓም ጉልበት ያባዛል፤ የታችኛው ክንድ ከላይኛው 2 እጥፍ ከረዘመ በእጅ በ5 ኪሎ ኃይል የተሳበው አፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል ሆኖ ይደርሳል። ለሠለጠነ ጋላቢ እጅ አንከለክለውም። ለጋሪ ግን፣ ይልቁንም ለቁልቁለት፣ አንስማማበትም።

አንድ ገበሬ ብቻውን ሄዶ «በ14 ሚሊ ሜትር ሥራልኝ» ቢል ቀጥቃጩ ያለውን ያነሣለታል። ለ30 ፈረስ የሚያዝ ማኅበር ግን ይደመጣል። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የአባላቱን ፈረሶች አፍ ለክቶ በሁለት ወይም በሦስት መጠን ይመድብ፤ ማኅበሩም ለቀጥቃጩ ናሙና ሰጥቶ ያሠራ። ርክክቡ ላይ እያንዳንዱ ብረት በጥጥ ይታሽ፤ ጥጥ የሚይዝ ካለ ይመለስ። ትዕዛዙ ከነሐሴ ባያልፍ ይሻላል። ጥቅምት ገብቶ ቡናው መቅላት ከጀመረ ቀጥቃጩም ባለፈረሱም ፋታ አያገኙም፤ ያን ጊዜ የሚገዛው ገበያ ላይ የተገኘው ልጓም ነው።